እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይስ ቅርጫት ኳስ? ድሬዳዋ ላይ የዳኝነት ኮርስ ለመውሰድ ለምታስቡ

አንድ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ምን ማለት ነው? እንደ ሜዳው ነው። እግር ኳስ ላይ ዋናው ዳኛ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ካነሳ ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ኳሷ ተመትታ ሌላ ተጫዋች እስክትነካ ወይም ከጨዋታ እስክትወጣ ክንዱ አይወርድም። ቅርጫት ኳስ ላይ የተዘረጋ መዳፍ ወደ ላይ ከወጣ ሰዓት ይቁም፣ ጥሰት አለ ማለት ነው፤ ያው እጅ ተጨብጦ ከወጣ ፋውል ነው። እጅ ኳስ ላይ ክንድ ከተነሳ «ኳሷን እያመላለሳችሁ ሰዓት ትበላላችሁ፣ ወደ ጎል ካልሄዳችሁ እቀማችኋለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። መረብ ኳስ ላይ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ሽቅብ ካቆመ ኳሷ ውጪ ናት። አንድ እጅ፣ አምስት ፍርድ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ማታ ደጃፍ ላይ ነፋስ ስንቀበል መጣና «ጋሼ፣ የዳኝነት ኮርስ ልወስድ ነው፤ ሦስቱም ይከፈታል ብለውኛል፣ የቱን ልያዝ?» አለኝ። እግር ኳስ ነዋ አቦ፣ ልለው ነበር። ድሬ ያደገ ሰው መልሱ ያ ነው፤ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ ናት፤ እዚህ ሻይ የሚያፈላውም ሊስትሮውም ስለ ኦፍሳይድ ከዳኛው የተሻለ አውቃለሁ ባይ ነው። ግን ምላሴን ያዝኩ። እኔ ራሴ በእግር ኳስ ጀምሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ወደ መረብ ኳስ የዞርኩ፣ በመሃሉ ሁለት የውድድር ዘመን ቅርጫት ኳስ ላይ የመዝጋቢዎች ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየኝ ሰው ባለመኖሩ ያባከንኩት ጊዜ ቀላል አይደለም። ለልጁ የነገርኩት ይኸውና።

ሕጉ አያስፈራችሁ። እግር ኳስ 17 ሕጎች አሉት፤ የሌሎቹም መጽሐፍ ቢሆን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው የወር ሥራ አይሆንም። ሰውነትን ማስተማር ነው የሚያስቸግረው። እግር ኳስ እግራችሁን ይፈልጋል፣ መረብ ኳስ እጃችሁን፣ ቅርጫት ኳስ ደግሞ ጆሮና ጣታችሁን። እኔ ምርጫውን ከዚህ ነው የምጀምረው።

እግር ኳስ

የዳኝነት ደረጃው ከመምሪያ ሁለት ይነሳል፤ መምሪያ አንድ፣ ፌዴራል፣ ጫፉ ላይ ኢንተርናሽናል። ክፍል ውስጥ ሕጉን፣ ሜዳ ላይ አቋቋሙን ትማራላችሁ። ሰው የሚቀረው ግን ሩጫው ላይ ነው። ለኢንተርናሽናል ወንድ ዳኞች የሚሰጠውን ፈተና ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ 40 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ በ6 ሴኮንድ ውስጥ። ከዚያ 75 ሜትር በ15 ሴኮንድ መሮጥ፣ 25 ሜትር በ18 ሴኮንድ መራመድ፤ ይህንን 40 ጊዜ። ሲደመር 4,000 ሜትር፣ የትራኩ 10 ዙር ነው። እዚያ የሚደረሰው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትዘጋጁት ለዚያ ነው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ድሬ ውስጥ ይህንን ሞክሩት እስቲ። እኛ የምንሮጠው ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። አሸዋው ባትን ያበረታል። ክረምት ላይ ግን እዚያ አትሩጡ፤ በ1998 ክረምት ወንዙ በጎርፍ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ላይ ስታጫውቱ ደግሞ ሙቀቱ ይቀርላችሁና ትንፋሽ ያጥራችኋል። ጥሩው ነገር፣ በሙቀት ጊዜ ሕጉ ራሱ እረፍት ይፈቅዳል፤ ለመቀዝቀዣ ከ90 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ። ጀማሪ ዳኛ ይህንን የውድድር ደንቡ ላይ መኖሩን ሳያረጋግጥ ሜዳ አይግባ።

የዋናው ዳኛ ምልክት ጥቂት ነው። ቅጣት ምት ሲሰጥ ኳሷ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ክንድ ይዘረጋል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ከሆነ ነጥቡን፣ የማዕዘን ምት ከሆነ ማዕዘኑን ያመለክታል፤ አድቫንቴጅ ሲሆን፣ ማለትም ጥፋት አይቶ የተበደለው ቡድን እንዲጠቀም ጨዋታውን ሲለቅ፣ ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ «ቀጥሉ» ይላል። ከ2025/26 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ወዲህ አንድ ተጨምሯል፦ በረኛው ኳሷን ከ8 ሴኮንድ በላይ ከያዘ ለተቃራኒው ቡድን የማዕዘን ምት ነው፣ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሴኮንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል። ከዚህ ውጪ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ በእጅ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ተጫዋቹ «ለምን?» ሲል መልሱን የሚወስደው ከቆማችሁበት ቦታ ነው። አምስት ሜትር ላይ ቆማችሁ ብትሳሳቱ ያጉረመርምና ይተዋል፤ አርባ ሜትር ርቃችሁ ልክ ብትሆኑ አያምናችሁም። ሰያፍ ሩጫ የሚባለውም፣ ዋናው ዳኛ ሜዳውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እያካለለ ጨዋታውን በራሱና በረዳቱ መካከል የሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ የመጣው ለዚሁ ነው።

ረዳት ዳኝነቱ ሌላ ሙያ ነው ብዬ ነው የምቆጥረው። ረዳቱ ከጎል ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር፣ ወይም ኳሷ ከዚያ ካለፈች ከኳሷ ጋር፣ በአንድ መስመር መሆን አለበት፤ ለዚህም ወደ ጎን መንሸራተት ይማራል፣ ፊቱ ከሜዳው ሳይዞር። ኦፍሳይድ ሲሆን ባንዲራው በቀኝ እጅ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በቀኝ የሆነው ክንዱ ዕይታን እንዳይጋርድ ነው። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ባንዲራው ቦታውን ይናገራል፦ ወዲያኛው ዳር ከሆነ ወደ ላይ አጋድሞ፣ መሃል ከሆነ በትከሻ ልክ አግድም፣ እናንተ አጠገብ ከሆነ ወደ ታች አጋድሞ። ለተጫዋች ቅያሪ ባንዲራው በሁለት እጅ ከራስ በላይ ይያዛል።

አንዲት ትንሽ ደንብ አለች፣ ኮርሱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትታለፍ። ባንዲራውን ከእጅ ወደ እጅ የምታሻግሩት ከወገብ በታች ነው። ሳቢያን አካባቢ አቧራማ ሜዳ ላይ፣ ኖራው በተመልካች እግር ተጠርጎ መስመሩ የቱ ጋ እንዳለ በግምት በምናውቅበት ቀን፣ ኳሷ ወጣች። ባንዲራውን በግራ እጄ አንስቼ ለቀዮቹ ሰጠሁ፤ ወዲያው የመጨረሻው ንክኪ የእነሱ እንደነበር ትዝ አለኝና እዚያው ከራሴ በላይ ወደ ቀኝ እጄ አሻገርኩት። ቀዮቹ ኳሷን ያዙ፣ ነጮቹም ያዙ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ለአጠገቡ ሰው «ይሄ ልጅ ትራፊክ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ባንዲራውን ዝቅ አድርጌ፣ እጄን ቀይሬ፣ አንዴ ብቻ ባነሳው ኖሮ ማንም ምንም አይልም ነበር።

ተመልካቹንም አስቡት። የድሬ ተመልካች ዳኛን የሚሰድበው በሦስት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፤ ሦስቱንም ለሚሰማ ሰው ስድቡ ሦስት እጥፍ ነው። በአንዱ ብትመልሱ ሌላው «ከእነሱ ጋር ምን ይንሾካሾካል» ይላል። እኔ አፌን መዝጋት የተማርኩት እዚያ ነው። ጥቅሙን ያወቅሁት ግን መረብ ኳስ ላይ ነው።

መረብ ኳስ

እዚህ ዳኛው አይሮጥም። አንደኛው ዳኛ ከመረቡ ጫፍ መቆሚያው ላይ ወጥቶ፣ ዓይኑ ከመረቡ 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። መረቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ሁለተኛው ዳኛ በተቃራኒው ምሰሶ በኩል መሬት ላይ ነው። ሜዳው 18 በ9 ሜትር፣ ሁሉም ነገር ዓይናችሁ ሥር። ስለዚህ «አላየህም» የሚል ሰበብ ለማንም የለም፤ ለእናንተም ጭምር።

ሥልጠናው ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ዙር 25 ለ20 ቢያልቅ 45 ነጥብ ተጫውተናል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በፊሽካ ይከፈታል፣ በፊሽካ ይዘጋል። 90 ፊሽካ በአንድ ዙር። ከእያንዳንዱ መዝጊያ ፊሽካ በኋላ እጅ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መናገር አለበት፦ መጀመሪያ ቀጥሎ የሚሰርቨው ቡድን፣ ከዚያ የጥፋቱ ዓይነት፣ አስፈላጊ ከሆነ ጥፋተኛው ተጫዋች። ሁለተኛው ዳኛ ፊሽካውን ከነፋ ግን እሱ ጥፋቱንና ተጫዋቹን ያሳያል፣ የሰርቩን አቅጣጫ የአንደኛውን እጅ ጠብቆ ይከተላል። ይህ የሚደገመው እጁ ያለ ሐሳብ እስኪሠራ ድረስ ነው። እኛ ኮርስ ላይ መስታወት ፊት፣ በጥንድ ሆነን፣ አንዱ ጥፋት ሲጠራ ሌላው በእጁ እየመለሰ ሙሉ ከሰዓት ዋልን። አሰልቺ ነበር። አሁን ግን እንቅልፌ ውስጥ ብትጠሩኝ አልሳሳትም።

ከእግር ኳስ የሚመጣ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ ልንገራችሁ፤ እኔ ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያ ጨዋታዬ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። በግራዬ ያለው ቡድን ጥሩ ስማሽ መታና ነጥቡን አገኘ። ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ክንዴን ወደ ቀኝ ዘረጋሁ። እግር ኳስ ላይ የግራው ቡድን ከተጠቀመ ክንድ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ወደሚያጠቃበት ጎል። መረብ ኳስ ላይ ግን ክንዱ የሚጠቁመው ሰርቭ የሚያገኘውን ቡድን ራሱን ነው። ስለዚህ የተሸነፈው ቡድን ልጅ ኳሷን አንስቶ ወደ መስመሩ ኋላ ሄደ፤ ነጥብ የሚገለብጠውም ተማሪ ለእነሱ አንድ ጨመረላቸው። ሁለተኛው ዳኛ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እኔ ደግሞ ምልክቱን አጠንክሬ ደገምኩት፣ ያልገባቸው መስሎኝ! እስኪገባኝ ድረስ ያለፈችው ደቂቃ የእግር ኳስ ዘጠና ደቂቃ ያህል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በአንድ ሳምንት የሚያጫውት ሰው ባየሁ ቁጥር የማየው ክንዱን ነው።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው ግን ራሳቸውን ያስረዳሉ። ኳሷ ውስጥ ከሆነች ክንድና ጣት ወደ መሬት፤ ውጪ ከሆነች ሁለቱ ክንዶች ከክርን ቀና ብለው መዳፍ ወደ ራስ። በብሎክ ተነክታ ከወጣች የአንዱ እጅ መዳፍ የቆመውን የሌላውን እጅ ጣቶች ያብሳል። ደጋግሞ መንካት ሁለት ጣት፣ አራት ጊዜ መምታት አራት ጣት። የቦታ ስህተት ከሆነ አመልካች ጣት በአየር ላይ ክብ ይሠራል። ሰርቭ ከተፈቀደ በኋላ 8 ሴኮንድ ካለፈ ስምንት ጣት ተዘርግቶ ይታያል። በአንድ እጅ የሚሰጥ ምልክት ደግሞ ጥፋቱ በተሠራበት ወገን ባለው እጅ ነው የሚሰጠው። ይህችን የሚጠብቅ ዳኛ ሳይናገር ይነበባል፤ ማን አጠፋ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ካርዱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ እግር ኳስ ያየ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። መረብ ኳስ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ቀይ ካርድ ማንንም ከሜዳ አያስወጣም፦ ለተቃራኒው ቡድን አንድ ነጥብና ሰርቭ ይሰጣል። ከዙሩ ማስወጣት ካስፈለገ ቀይና ቢጫው በአንድ እጅ አብረው ይያዛሉ፤ ከጨዋታው ጨርሶ ለማባረር ሁለቱ በሁለት እጅ ተለያይተው ይነሳሉ። አንድ አሰልጣኝ ቀይ ሳሳየው ጃኬቱን አንስቶ መውጣት ጀመረ። «ቁጭ በል፣ አንድ ነጥብ ነው» አልኩት። ከመናደዱ ማፈሩ በለጠ።

ለጀማሪ በሩ የመስመር ዳኝነት ነው። 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነች ባንዲራ፣ አምስት ምልክት። ወደ ታች ውስጥ፣ ወደ ላይ ውጪ። ተነክታ ከወጣች ባንዲራው ይነሳና ነፃው እጅ ጫፉን ይነካል። ኳሷ አንቴና ከመታች ወይም ሰርቨሩ መስመር ከረገጠ ባንዲራው ከራስ በላይ እየተወዛወዘ ሌላው እጅ ቦታውን ይጠቁማል። አምስተኛው ሁለቱን ክንድ ደረት ላይ ማጣመር ነው፦ «መፍረድ አልችልም፣ ተጋርዶብኛል»። ያንኑ ማጣመር አንደኛው ዳኛ ካደረገው ደግሞ ዙሩ አልቋል ማለት ነው፣ ስለዚህ ማን እንዳደረገው ማየት ይገባል።

ቅርጫት ኳስ

ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ ያየሁት ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ ነው። ግን ከዚያ ቦታ የሚታየው ነገር ራሱ ልዩነቱን ያሳያል። እግር ኳስ ላይ ምልክቱ ለተጫዋች፣ መረብ ኳስ ላይ ለሁሉም ነው። ቅርጫት ኳስ ላይ ምልክቱ ከምንም በፊት ለጠረጴዛው ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋውል ይመዘገባል። አንድ ተጫዋች በ5ኛው ፋውል ይወጣል፤ ቡድኑ በአንድ ሩብ ከ5ኛው ፋውል ጀምሮ ለተቃራኒው ሁለት ነፃ ውርወራ ያስገኛል። ዳኛው ቁጥር ቢያምታታ ንጹሑ ይወጣል፣ ጥፋተኛው ይቀራል።

ስለዚህ ዳኛው ፋውል ሲነፋ ቡጢውን ያነሳል፣ ጠረጴዛው በግልጽ ወደሚያየው ቦታ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ቁጥር፣ የፋውሉ ዓይነት፣ ቀጥሎ የሚሆነው። 24 ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ የእጁን ጀርባ አዙሮ ሁለት ጣት፣ ከዚያ መዳፉን አዙሮ አራት ጣት። መግፋት ከሆነ በሁለት እጅ የመግፋት ቅርጽ፣ መዝጋት ከሆነ ሁለት እጅ ወገብ ላይ፣ መያዝ ከሆነ አንዱ እጅ የሌላውን አንጓ ጨብጦ። ትራቭሊንግ ላይ፣ ኳሷን ሳያነጥሩ መራመድ ማለት ነው፣ የተጨበጡ እጆች ይሽከረከራሉ። ባለሦስት ነጥብ ሙከራ በአንድ እጅ ሦስት ጣት ነው፤ ከገባ ሁለቱም እጅ ይወጣል። ካርድ የሚባል ነገር የለም፤ ቴክኒካል ፋውል በሁለት መዳፍ ቲ ሠርቶ ነው የሚሰጠው። ደካማ ዳኛን ከጠረጴዛው ላይ የምለየው እየሮጠ ቁጥር ሲነግረን ነው። የሚቆም ዳኛ ይጻፋል፣ የሚሮጥ ዳኛ ይገመታል።

ሁለት ዳኛ ሲሆኑ አንዱ ከፊት፣ በቅርጫቱ ሥር ካለው መስመር ውጪ፣ አንዱ ከኋላ ነው፤ ኳሷ ስትመለስ የኋላው የፊት ይሆናል። ሩጫው አጭር ግን እረፍት የለሽ ነው፣ 28 ሜትር ሜዳ ላይ አራት 10 ደቂቃ። በዚያ ላይ ሲሚንቶው ሜዳ ከሰዓት ላይ እንደ ምጣድ ነው። ጩኸቱም አለ፤ ዛሬ ብዙ ዳኛ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፍሬ የሌለውን ፊሽካ፣ ፎክስ 40ን፣ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያወጣው ካናዳዊ ራሱ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበር፤ ፍሬ ያለው ፊሽካ ጨዋታ መሃል ተጣብቆ ድምፅ እምቢ ብሎት። ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጡ ፍሬ የሌለውን ግዙ።

እጅ ኳስን በአንድ አንቀጽ ላንሳው፣ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለቱ ዳኞች እኩል ሥልጣን አላቸው፣ ዋናና ረዳት የለም። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የማስጠንቀቂያ ክንድ ከወጣ በኋላ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቡድኑ የሚቀረው ቢበዛ አራት ቅብብል ነው፤ ስለዚህ አንድ ክንድ አንስታችሁ ጨዋታ እያያችሁ ቅብብል ትቆጥራላችሁ። ይህን የሚወድ ሰው አለ፣ እኔ አይደለሁም።

ቤዝቦል መሰሉን ሶፍትቦልን ደግሞ አንድ የድሬ ልጅ፣ ውጭ አገር ያለ፣ እዚያ አምፓየር (ዳኛ) ሆኜ ልሠለጥን ነው ብሎ ጽፎልኝ ነው የማውቀው። ለእኛ የሚጠቅም ነገር ስላለው ላንሳው። ሯጩ ከወጣ ቡጢ ወደ ላይ፣ ከዳነ ሁለት ክንድ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ሌላ ምልክት አለ፦ ወርዋሪዋ ሕግ ስትጥስ ዳኛው ጨዋታውን ሳያስቆም ግራ ክንዱን በቡጢ ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆያል። «አይቻለሁ፣ ጨዋታው ይለቅ፣ እመለስበታለሁ» ነው ነገሩ። የእኛ አድቫንቴጅ የቅርብ ዘመድ። የሚገርመው፣ የእነሱ ሥልጠና ከመረብ ኳስ ጋር ነው የሚመሳሰለው፣ ቆሞ ማየትና አንድን ምልክት ሺህ ጊዜ መደጋገም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሀያዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሆናችሁ፣ ጧት መነሳት ካልከበዳችሁ፣ ስድብ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ከወጣላችሁ፣ እግር ኳስ። ረጅሙ መንገድ ያለውም እዚያ ነው። ባምላክ ተሰማ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር፤ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ በዳኝነት ነበረች፤ እሷ ደግሞ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት የኖረች ናት። የኢንተርናሽናል ባጅ ለዋና ዳኛ ከ25 ዓመት፣ ለረዳት ከ23 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ስለዚህ በአሥራ ዘጠኝ መጀመር ለእግር ኳስ ትክክለኛ ሰዓት ነው፣ በሠላሳ ሁለት ግን ለሰፈር ጨዋታ ካልሆነ አልመክርም። እግር እያላችሁ ንትርክ የማትወዱ ከሆነ ከመጀመሪያው ረዳት ዳኝነቱ ላይ አተኩሩ፤ ብዙ ሰው እንደ መለማመጃ ቆጥሮት ያልፈዋል፣ ተሳስቷል።

ጉልበት የሚያማችሁ፣ ሥራ ውላችሁ የምትመጡ፣ ወይም ሥርዓት የሚያስደስታችሁ ከሆነ መረብ ኳስ። መምህራን በዚህ ላይ ጎበዝ ናቸው፤ ቆሞ ክፍል መግዛት ለምደዋል። ቁጣ የሚቀድማችሁ ሰዎችም እዚህ ብትጀምሩ ይሻላል፣ ከፊሽካው በኋላ እጃችሁ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል እስኪናገር ንዴቱ ያልፋል።

ቁጥር የሚይዝ ጭንቅላትና ፈጣን ዓይን ካላችሁ ቅርጫት ኳስ። ግን በቀጥታ ፊሽካ አትያዙ፤ አንድ ዘመን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ዳኛ ስትሆኑ ጠረጴዛው ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ።

ሁለቱን አንድ ላይ ልውሰድ ለሚለኝ፣ በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም እላለሁ፤ የክንዴን ታሪክ ሰምታችኋል። ገንዘብንም በተመለከተ፣ የጀማሪ አበል የባጃጅና የሻይ ነው ብላችሁ ግቡ። ኮርሱ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀትም ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፦ ለየትኛው ደረጃ ነው፣ ከስንት ጨዋታ በኋላ ወደሚቀጥለው ያሳድጋል፣ ጨዋታ የሚመድባችሁ ማን ነው። እኔ ያኔ አንዱን ኮርስ ጨርሼ ወረቀቱን ይዤ ስምንት ወር ቤቴ ተቀምጫለሁ፤ መዳቢው ስሜን አያውቀውም ነበር።

ልጁ ከዚህ ሁሉ በኋላ እግር ኳስን አልተወም፣ ግን ኮርሱ እስኪከፈት ብሎ ባለፈው ቅዳሜ መረብ ኳስ ላይ የመስመር ባንዲራ ሊይዝልኝ መጣ። አራተኛው ዙር ላይ፣ 23 እኩል ሆነን፣ አንዱ ረጅም ተጫዋች የመታት ኳስ ኋላ መስመሩ ላይ አረፈች። ተከላካዩ በትክክል ከልጁና ከኳሷ መካከል ወድቋል። አሥራ ሁለት ሰው ዞሮ ልጁን አየው። ግማሹ ውስጥ ይላል፣ ግማሹ ውጪ፤ አንዱ አሰልጣኝ ከመቀመጫው ተነሥቷል። ልጁ ባንዲራውን እንደያዘ ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ አጣመረ። ሁለተኛውን ዳኛ አየሁት፣ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም አላየኋትም። ሁለት አውራ ጣቴን አንስቼ ነጥቡን አስደገምኩ። ተጫዋቾቹ አጉረምርመው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጨዋታው አልቆ መረቡን ስንጠቀልል «ጋሼ፣ እግር ኳስ ላይ ይሄ ምልክት አለ?» አለኝ።

የለም አልኩት።